ስሟን ያልጠራው ድምፅ

ሐይቅ ከተማ ከጦርነቱ ወዲህ እንደዚያች እሑድ በሰው ተጥለቅልቃ አታውቅም። ከመናኸሪያው አንሥቶ ወደ ሐይቁ እስከሚያስወርደው መታጠፊያ፣ ከዚያም በላይኛው ሰፈር ዞሮ እስከሚመለሰው አስፋልት ድረስ የመንገዱ ግራና ቀኝ በገመድ ታጥሯል። ባጃጆች ሥራ ፈትተዋል። ከደሴ የመጡት ሚኒባሶች መግቢያው ላይ ታግደው፣ ረዳቶቹ "ወልድያ፣ ወልድያ" ማለታቸውን ትተው ጣሪያ ላይ ወጥተው ተቀምጠዋል። የሴቶች የብስክሌት ዙር ውድድር ሊጀመር ነው፤ ጦርነቱ ካቋረጠው ወዲህ የመጀመሪያው።

ራህማ መነሻው መስመር ላይ አንድ እግሯን ፔዳል፣ አንድ እግሯን አስፋልት ላይ አድርጋ ቆማለች። ጥቁር ሻሿን ከሄልሜቷ ሥር አጥብቃ አስራለች። አረንጓዴው የአምባሰል ቡድን ማሊያ ጀርባዋ ላይ አሥራ ሰባት ቁጥር ይዟል። ከጎኗ የቡድን ጓደኛዋ እየሩስ አለች፤ የሐይቅ ልጅ ናት፣ ሣቂታ፣ መድረሻው ሲታይ ማንም የማይይዛት። የራህማ ሥራ ደግሞ እየሩስን እስከዚያ ማድረስ ነው። ከፊቷ ሆና ነፋሱን ትጋርዳታለች፤ እየሩስ ከኋላዋ ጉልበቷን ቆጥባ ትመጣለች።

ራህማ ግን ነፋሱም ውድድሩም ትዝ አላላትም። ዓይኗ ያለው መድረሻው አጠገብ በቆመው አይሱዙ ላይ ነው። መኪናው ላይ ሁለት ትልልቅ ሞንታርቦዎች ጀርባ ለጀርባ ተቀምጠዋል። በመካከላቸው ማይክ የጨበጠ ረጅም፣ ቀጭን ወጣት ቆሟል።

ሙዓዝ።

በአዘቦት የሰው ባጃጅ ይነዳል። ኳስ ካለ፣ ሠርግ ካለ፣ አዲስ ሱቅ ከተከፈተ ግን ማይኩ የእሱ ነው። ከሐይቅ እስከ ውጫሌ ድምፁን የማያውቅ የለም። ውድድር ሲሆን ደግሞ እያንዳንዷን ልጅ ከነአገሯ፣ ከነሙያዋ አሳምሮ ስለሚጠራ፣ ሰው የማያውቃትን ተወዳዳሪ የገዛ እኅቱ ይመስል ይጮኽላታል።

"ከኮምቦልቻ ቡድን" አለ ሙዓዝ፣ ድምፁ ከተማውን ሞልቶ፣ "ዳገት ሲያያት ፈገግ የሚልላት፣ ሰሚሃ።"

ጭብጨባው ተነሣ።

"ከአምባሰል ቡድን፣ ስትቀድም እንጂ ስትቀደም ያላየናት፣ የዚችው የሐይቅ ልጅ፣ እየሩስ።"

ፉጨቱ ደመቀ። ራህማ ሳታውቀው ቀና አለች፤ ቀጣይዋ እሷ ናት። የሙዓዝ ዓይን መጣና አረፈባት። ለአፍታ እዚያው ቀረ። ከዚያ ትኩስ ነገር እንደነካ ሰው ፊቱን መለሰ።

"እና..." አለ፤ ጉሮሮውን ጠረገ። "ሌሎችም የአምባሰል ተወዳዳሪዎች።"

እየሩስ ዞራ አየቻት። "ምነው፣ ረሳሽ እንዴ?"

"አልረሳኝም" አለች ራህማ። "አየኝ እኮ።"

የሄልሜቷን ማሰሪያ ደግማ አጠበቀች።

* * *

ራህማና ሙዓዝ የተዋወቁት በለውጡ ሰሞን፣ በ2011 ነው። ያኔ ወጣቱ ሁሉ አንድ ነገር ካላቋቋምኩ የሚልበት ጊዜ ነበር። በብስክሌት ያደገችው ለተብርሃን፣ ትዳር ይዛ ሐይቅ ከገባች በኋላ፣ ከአምባሰልና ከሐይቅ ሴት ልጆችን ሰብስባ ቡድን መሠረተች። ራህማ ከውጫሌ መጣች። አባቷ አያ ሀሚዱ የታወቁ የጨርቃ ጨርቅ ነጋዴ ናቸው፤ ነገሩ ባይጥማቸውም የአንድ ሰሞን ዕብደት ነው፣ ይወጣላታል ብለው ዝም አሉ።

በመጀመሪያው ውድድር ራህማ የመጨረሻ ሆነች። እንዲያውም ከመጨረሻዋ በፊት የነበረችው ከገባች ብዙ ቆይታ፣ ሰው ወደየቤቱ መሄድ ሲጀምር ነበር ብቅ ያለችው። በዚህ ጊዜ ያ ድምፅ ተነሣ።

"ራህማ ሀሚዱ፣ ከውጫሌ፣ መንገዱን ለብቻዋ ይዛ እየገሠገሠች ነው። ወገኖቼ፣ ከኋላዋ ማንም የለም።"

የሚሄደው ሰው አንደኛዋ መጣች ብሎ ተመለሰና አጨበጨበላት። ራህማ ከብስክሌቷ ወርዳ በንዴት ወደ መኪናው ሄደች።

"ምን ለማለት ነው?" አለችው።

"ውሸት ተናገርኩ?" አለ ሙዓዝ፤ ፊቱ ላይ የክፋት ምልክት የለም። "ከኋላሽ ሰው ነበር?"

ልትሰድበው አፏን ከፈተች፤ የወጣው ግን ሣቅ ነው። ከዚያ በኋላ ለመሣቅም ለመኮሳተርም እሱን መፈለግ ልማድ ሆነባት። ማታ ማታ በስልክ ያወራሉ፤ ልምምድ ስትወጣ በባጃጁ ከኋላ እየተከተለ የጭነት መኪናዎቹን ያዘገይላታል። ስለ ትዳር ግን ሁለቱም አያነሡም። እሷ የአያ ሀሚዱ ልጅ ናት። እሱ የራሱ የሆነ ጎማ እንኳን የለውም።

ከዚያ ጦርነቱ መጣ። በ2014 መኸር ላይ ውጫሌ ባዶ ስትቀር፣ የራህማ ቤተሰብ ዘመድ ጋ፣ ወደ አምባሰል ገደላማ አገር ሸሸ። ሙዓዝ እናቱን ትቶ መሄድ አልቻለምና ሐይቅ ቀረ። ስልክ የለም፣ መንገድ የለም። አያ ሀሚዱ ሲመለሱ የሱቃቸው መደርደሪያ እንኳን ተነቅሎ ተወስዶ አገኙት። ራህማ ለጊዜው እዚያው ገጠር ቀረች።

መንገዱ እንደተከፈተ ሙዓዝ የባትሪ ድንጋይ የሚበላ አሮጌ ሜጋፎኑን ትከሻው ላይ አንጠልጥሎ ከሐይቅ ተነሣ። ገሚሱን በእግሩ፣ ገሚሱን በጭነት መኪና ሄዶ የገበያ ቀን ውጫሌ ገባ። ከእህል ተራው መካከል ባዶ በርሜል ላይ ወጣና መጣራት ጀመረ።

"ራህማ ሀሚዱን ያያችሁ። ብስክሌት የምትነዳዋን። ስትሥቅ አንድ ጉንጯ ይሰረጉዳል። በሕይወት አለች የሚለኝ ሰው ካለ፣ ለአላህ ብላችሁ ንገሩኝ። ሙዓዝ ነኝ፣ ከሐይቅ።"

አንዲት ሴት ያንን ሰምታ ወደ ሰፈሯ ስትመለስ ለራህማ ነገረቻት። "አንቺ ልጅ፣ ውጫሌ ላይ ስምሽ ይጠራል" አለቻት። ራህማ ዳገቱን ቁልቁል ሮጠች። ስትደርስ ገበያው ሊበተን ነው፤ ሙዓዝ ግን በርሜሉ ላይ ነበር። አያት። ሜጋፎኑን ከአፉ ሳያወርድ፣ ለገበያው በሙሉ፣ "አገኘኋት" አለ።

ራህማ ያንን ቀን ባሰበች ቁጥር ሆዷ ይሞቃል። አያ ሀሚዱ ግን የሰሙት ከአላፊ አግዳሚው ነው፤ ነገሩ እንደ እሾኽ ተሰክቶባቸው ቀረ። "ልጄን እንደ ጠፋ በሬ በገበያ አስለፈፈብኝ" አሉ፤ ከዚያን ቀን ወዲህ የሙዓዝ ስም በቤታቸው አይነሣም።

ራህማ ግን ይኼም ቀን ያልፋል እያለች ኖረች። ያላሰበችው ከሙዓዝ በኩል የመጣውን ነው። ከውድድሩ ሁለት ሳምንት አስቀድሞ፣ ቡድኑ ሐይቅ ተሰብስቦ ልምምድ ሲጀምር፣ በድንገት ጠፋባት። ስልኳን አያነሣም። ባጃጁ ከኋላቸው አይታይም። አንድ ቀን መናኸሪያው ደጃፍ ፊት ለፊት ተገናኙ። ቆመ፣ ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ፣ ከዚያ ዓይኑን መሬት ላይ ጥሎ አለፋት።

የዛሬው ደግሞ በከተማው ሁሉ ፊት ሆነ።

* * *

ውድድሩ ተጀመረ። የመጀመሪያዎቹ ዙሮች የለመደችው ነበሩ፤ ወደ ሐይቁ ቁልቁለት፣ መታጠፊያው ላይ ፍሬን፣ ከዚያ ነፋሱ ፊት ለፊት የሚመጣበት የላይኛው ሰፈር ዳገት፣ ከዚያ ሰው የሚንጫጫበት መድረሻ። ራህማ ከፊት ትነዳለች፣ እየሩስ ከኋላ ጎማዋ ሥር ተደብቃለች። በመድረሻው ባለፉ ቁጥር ያ ድምፅ ይቀበላቸዋል።

"ሰሚሃ እንደ ንብ እየጠቀጠቀች ነው። እየሩስ ተደብቃለች፣ ጓደኛዋን እንደ ግድግዳ ተጠግታለች..."

ግድግዳ። ራህማ ጥርሷን ነከሰች። በሚቀጥለው ዙር "ከፊት የምትመራው አሥራ ሰባት ቁጥር ናት" አለ። በሚቀጥለውም "አሥራ ሰባት ቁጥር።" ድምፁ ደረቅ ነበር፤ የገዛ ስሟን ረስቶ አይደለም፣ በአፉ እንዳይዞር የተጠየፈው መሰላት።

ዳገቱ ላይ ንዴቷ እግሯ ውስጥ ገባ። ማርሿን ቀየረች፣ ከመቀመጫዋ ተነሣችና ወጣች። ከኋላዋ እየሩስ "የት ነው?" ስትል ሰማች፤ አልዞረችም። አሸንፌ ብገባ ይጠራኛል፣ ያን ጊዜስ ሳይወድ በግዱ ይጠራኛል፣ ነበር ያለችው በልቧ። መድረሻውን ለብቻዋ ስታልፍ ሕዝቡ ጮኸ።

"አሥራ ሰባት ቁጥር" አለ ሙዓዝ። ድምፁ ተንቀጠቀጠ። "አሥራ ሰባት ቁጥር ለብቻዋ ነው፣ ለብቻዋ..."

ሌላ አልጨመረም። ዓይኗ እንባ አቀረረ፤ በነፋስ አመካኘችው።

ታች መታጠፊያው ላይ ለተብርሃን እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ቆማለች። የማትጮኽ ሴት ናት። በጦርነቱ የቡድኑን ብስክሌቶች ፈታትታ በየጎረቤቱ የእንጨት ቁልል ውስጥ ደብቃ ያተረፈቻቸው እሷ ናት። ራህማ ስታልፍ አንድ ነገር ብቻ አለቻት።

"ለማን ነው የምትነጂው?"

ጥያቄው ከነፋሱ ይልቅ ከበዳት። ዞራ ስታይ ሰሚሃ ከነጓደኞቿ እየደረሰችባት መጥታለች፤ ከእነሱም ኋላ እየሩስ ብቻዋን ነፋሱን እየገፋች፣ ፊቷ ቀልቶ ትታያለች። ጉልበቷን ሊያተርፍላት የሚገባ ሰው ትቷት ሄዷል። ራህማ ኀፍረት ተሰማት። መርገጧን ቀነስ አድርጋ ጠበቀቻት።

"ይቅር በይኝ" አለቻት፣ እየሩስ ስትደርስ።

"ጨረስሽ?" አለች እየሩስ እያለከለከች።

"ጨረስኩ።"

"በይ ቅደሚ። በረደኝ።"

ራህማ ከእንባዋ ጋር ሣቀች። ከፊቷ ሆነች፣ ነፋሱን ተቀበለችላት፣ ቀስ በቀስ ከእነሰሚሃ ጋር አገናኘቻት። ሙዓዝ ባይጠራትም፣ ከኋላዋ አንዲት ሰው ታምናታለች። ይኼ ለጊዜው በቂ ሆኖ ተሰማት፤ በቂ እንዲሆን ተመኘች።

በመድረሻው ሲያልፉ ግን ነፍሷ ልትወጣ ነበር። አይሱዙው አጠገብ፣ ነጭ ቆብ ያደረጉ፣ ፎጣቸውን ትከሻቸው ላይ የጣሉ ሽማግሌ ቆመዋል።

አባቷ ናቸው። በአራት ዓመት አንድ ቀን እንኳን ውድድር አይተው የማያውቁት አያ ሀሚዱ። ፊታቸው ኮስተር ብሏል፤ ቀና ብለው የሚያዩት እሷን ሳይሆን ሙዓዝን ነው።

"ሊወስዱኝ መጥተዋል" ብላ አሰበች። ወይም ሊጣሉት። በሚቀጥለው ዙር ስትመጣ ከመሬት ላይ አጣቻቸው። ቀና ስትል አይሱዙው ላይ፣ ሞንታርቦው አጠገብ ቆመዋል።

* * *

የመጨረሻውን ዙር የሚያበሥረው፣ እንደ ደወል የተሰቀለው የመኪና ቸርኬ ሊመታ አንድ ዙር ሲቀር፣ ራህማ ከታች፣ ወደ ሐይቁ በሚያስወርደው መንገድ ላይ ነበረች። ሞንታርቦው ከዚያ ድረስ ይሰማል። ድንገት የሙዓዝ ልፍለፋ ተቋረጠ። በምትኩ ያደገችበት፣ ሻካራው የአባቷ ድምፅ ከሰማይ የወረደ ይመስል በመንገዱ ላይ ናኘ።

"አንተ ልጅ።"

"አቤት አባባ።"

"ከጧት ጀምሬ እየሰማሁህ ነው። የሰውን ልጅ ሁሉ በስም በስም ስትጠራ አረፈድክ። የኔ ልጅ ስም የላትም?"

ሞንታርቦው ውስጥ ነፋስ ብቻ ሾከሾከ።

"አላት አባባ" አለ ሙዓዝ።

"ታዲያ አሥራ ሰባት ቁጥር፣ አሥራ ሰባት ቁጥር ምንድን ነው? የቀበሌ ቤት ናት?"

በገመዱ ዳር የቆመው ሰው ሣቅ ጀመረ። ሣቁ ከብስክሌቶቹ ጋር እኩል መንገዱን ተከትሎ ሮጠ። ራህማ እግሯ መርገጡን አላቆመም፤ ጆሮዋ ግን ሌላ ቦታ ነው።

"አንቱ አይደሉ እንዴ ያሉኝ?" አለ ሙዓዝ። ድምፁ የማስታወቂያ ድምፅ አልነበረም፤ ማታ ማታ በስልክ የምታውቀው ዝቅ ያለው ድምፁ ነበር። "ሽማግሌ የላክሁ ለት። መልስ እስክሰጥህ ልጄን አታናግራት፣ ስሟንም በአፍህ አታንሣ ብለው ቃል አስገቡኝ። ዝም ማለት ከቻልክ ያን ጊዜ ሰው ነህ አሉኝ። ይኸው ዝም ብዬ ነው። ወላሂ አንጀቴ አልቋል።"

ሽማግሌ። ራህማ ቃሉን እንደ ውኃ ጠጣችው። ሽማግሌ ልኳል። ስልኳን ያላነሣው፣ መናኸሪያው ላይ ዓይኑን የጣለው፣ ጧት ዓይኑ ላይዋ ላይ ቀርቶ ፊቱን የመለሰው፣ ሁሉም ለእሷ ነበር። ሁለት ሳምንት ሙሉ የጠላችው ዝምታ፣ ያ ለፍላፊ ሰው በዕድሜው ከከፈለው ሁሉ የሚበልጠው ክፍያ ነበር።

"ማይኩ ክፍት ነው" ብሎ አንድ ሰው ከሕዝቡ መካከል ተጣራ።

"ምን አለ?" አሉ አያ ሀሚዱ።

"ማይኩ ክፍት ነው አባባ። ከተማው በሙሉ እየሰማን ነው።"

ራህማ ዳገቱ መጀመሪያ ላይ ነበረች። አባቷን ታውቃቸዋለች። በሰው ፊት መሣቂያ ከመሆን ሞት የሚመርጡ ሰው ናቸው።

"ይስማ" አሉ አያ ሀሚዱ። "የሰው ልጅ ሁሉ ተጠርቶ የኔዋ ስም አልባ ሆና አልቆምም። አሁን ጥራት እያልኩህ ነው።"

"ልጥራት?"

"ጥራት እንጂ። ደኅና አድርገህ ጥራት።"

"ራህማ" አለ ሙዓዝ።

መጀመሪያ የጠራት ቀስ ብሎ ነው፤ ከአጠገቧ እንደቆመ። ከዚያ ትንፋሹን ሲስብ ሰማችው።

"ራህማ ሀሚዱ። ከውጫሌ፣ ከአምባሰል። ወገኖቼ፣ ከፊት የምትመራው ራህማ ናት። ከጧት ጀምሮ ነፋሱን ለብቻዋ የተቀበለችው ራህማ ናት። ራህማ..."

ሕዝቡ ተቀበለው። ከበረንዳው፣ ከግድግዳው፣ ከሚኒባሶቹ ጣሪያ ላይ ስሟ ተነሣ። ሰሚሃ እንኳን ከጎኗ ሆና፣ "ማሻአላህ፣ ዛሬማ ሠርግሽ ነው" አለቻት። ቸርኬው ተመታ። የመጨረሻው ዙር።

ያን ዙር ራህማ እንዴት እንደነዳችው በኋላም ማስታወስ አልቻለችም። ቁልቁለቱን ፍሬን ሳትነካ ወረደች። ዳገቱ ላይ ሌሎቹ ሲጎብጡ፣ እሷ የምትሥቅ ይመስል ነበር፤ ምናልባትም እየሣቀች ነበር። የእየሩስ ጎማ ከጎማዋ ሥር እንዳለ በድምፁ ታውቃለች። ያላትን ሁሉ አወጣች። መድረሻው ሲታይ ወደ ግራ ገለል ብላ መንገዱን ለቀቀች።

"ሂጂ" አለች።

እየሩስ እንደ ጥይት አለፈቻት። ሰሚሃ ተከተለቻት፤ አልደረሰችባትም። ራህማ ስንተኛ እንደገባች እንኳን ልብ አላለችም። እየሩስ ሁለት እጇን ዘርግታ መስመሩን ስታልፍ አየች።

* * *

አያ ሀሚዱ ከአይሱዙው ላይ በሰው እጅ ተደግፈው ወረዱ። ራህማ ብስክሌቷን እየገፋች ስትመጣ ፎጣቸውን አስተካክለው ቆመው ጠበቋት። ምን እንደሚሏት አላወቀችም።

"ቀድመሽ እየመጣሽ ነበር" አሏት። "በዓይኔ አይቻለሁ። ለዚያች ልጅ ለምን ለቀቅሽላት?"

"ሥራዬ እሱ ነው አባባ። እኔ ነፋሱን እጋርድላታለሁ፣ እሷ ትገባለች።"

"አንቺ ትደክሚያለሽ፣ ዋንጫውን እሷ ትወስዳለች?"

"ቡድኑ ይወስዳል።"

"ይኼ ምን ዓይነት ንግድ ነው?" አሉ። ግን ከንፈራቸው ጥግ ላይ አንድ ነገር ተንቀሳቀሰ።

ከዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ ለእሷ ብቻ በሚሰማ፣ ሌላውን ነገሯት። "ልጄ፣ እውነቱን ልንገርሽ። ሱቄ ሙሉ በነበረ ጊዜ አንቺን ለልጁ የሚጠይቀኝ ነጋዴ ብዙ ነበር። ሱቁ ሲዘረፍ ደጄን የረገጠ የለም። አለች፣ ሞታለች ብሎ የጠየቀ የለም። የመጣው ይኼ ባጃጅ ነጂ ብቻ ነው፤ እሱም በርሜል ላይ ወጥቶ። የተቆጣሁት ስምሽን ስለጠራ ብቻ አልነበረም። የእኔን እኩዮች ስላሳፈረብኝ ነው።"

እጃቸውን ይዛ ሳመች።

"ዛሬ የመጣሁት ቃሉን ሲያፈርስ ልይዘው ነበር" አሉ አያ ሀሚዱ። "እሱ ሳይደክም እኔን አደከመኝ። አንቺስ ምን ትያለሽ? ደስ ካላለሽ አሁኑኑ ንገሪኝ።"

"ደስ ይለኛል" አለች። ከዚያ ፈራ ተባ እያለች ጨመረች። "ብስክሌቴን ግን አልተውም አባባ። ባገባም አልተውም።"

"ማን ተይ አለሽ?" አሉ፤ የተከፉ ይመስል። "አሁን ገና ማየት ጀመርኩ።"

ሙዓዝ ከመኪናው ወርዶ ትንሽ ራቅ ብሎ ቆሟል። የማይኩን ገመድ ጠቅልሎ፣ ፈትቶ፣ እንደገና ጠቀለለው። አያ ሀሚዱ ጠሩትና ከእግር እስከ ራሱ አዩት።

"ሽማግሌዎችህን ጁምዓ መልሰህ ላካቸው" አሉት። "በደረቁ አልመልሳቸውም።"

ሙዓዝ ጎንበስ ብሎ እጅ ነሣ። አያ ሀሚዱ ከእንግዲህ ያለውን ለማየት እንዳልፈለጉ ሁሉ፣ የእየሩስን ዋንጫ ልይ ብለው ወደ ሕዝቡ ገቡ።

ሁለቱ ብቻ ቀሩ። ብቻ ማለት ከተባለ፤ ግማሹ ሐይቅ ከገመዱ ማዶ ሆኖ እያያቸው ነው። ራህማ ልትናገር የፈለገችው ብዙ ነበር። ሁለት ሳምንት እንዴት እንዳለቀሰች፣ እንዴት እንደጠላችው፣ እንዴት ልትጠላው እንዳልቻለች። ቀና ብላ ስታየው፣ ዓይኑ ሥር ጠቁሯል፣ ከስቷል፤ ዝምታው እሷን ብቻ ሳይሆን እሱንም እንደበላው አሁን ገና አየች።

"በል እንጂ" አለችው ቀስ ብላ። "አሁንማ ተፈቅዶልሃል።"

ሙዓዝ አፉን ከፈተ። ምንም አልወጣም። ጉሮሮውን ጠረገ፣ እንደገና ሞከረ፤ የወጣው ትንፋሽ ብቻ ነው። በመጨረሻው ዙር ድምፁን እስከ ጭላጩ አውጥቶ ጨርሶታል። እጁን ጉሮሮው ላይ አድርጎ በኀዘን አያት፤ ራህማ እስክትንበረከክ ድረስ ሣቀች።

"ዝም በል በቃ" አለች እንባዋን እየጠረገች። "ዛሬ እኔ አወራለሁ፣ አንተ ትሰማለህ። ስማ። ምንም ባይኖርህ ግድ የለኝም። ገበያው ላይ ያየሁህ ለት ነው የወሰንኩት። ያኔ ልነግርህ ይገባ ነበር፤ አፈርኩ። አሁን አላፍርም። የማገባው አንተን ነው።"

ሙዓዝ አንድ እርምጃ ቀረበ። አንድ ነገር ሊላት እየታገለ ነው። ራህማ ለመስማት ጆሮዋን አስጠጋች። ያ ከተማ የሚያናውጥ ሰው፣ ከሹክሹክታ በቀጠነ ድምፅ፣ ቃል በቃል እየለቀመ፣ "ደክሞሻል አይደል?" አላት። "ባጃጅ... ላምጣልሽ?"

ራህማ ራሷን ነቀነቀች። ጭኖቿ ይንቀጠቀጣሉ፣ ከንፈሯ ደርቋል፣ ጀርባዋ ላብ በላብ ሆኗል።

"አልደከመኝም" አለችው። እውነቷን ነበር፤ በዕድሜዋ ሙሉ እንደዚያን ቀን ሰውነቷ ቀልሏት አያውቅም።